ቅሬታ ካቀረቡ በኋላ የሚመጣ ስንብት



ስለ መናገርና ዝም ስለ ማለት የሚነገሩ፣ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት ተረቶች አሉን። አንዱ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። በሥራ ቦታው በደል የደረሰበት ሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲዋልል ይከርማል። ቢናገር እንጀራውን ሊያጣ ነው፤ ዝም ቢል በደሉ ሊቀጥል ነው። ቤተሰብ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመክረው የመጀመሪያውን ተረት ነው፦ «ልጆች አሉህ፣ የቤት ኪራይ አለብህ፣ ቻል አድርገው።»

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ተናገሩት ነው። ትርፍ ሰዓት አልተከፈለንም፣ የሥራ ልብስ አልተሰጠንም፣ አለቃዬ ያስቸግረኛል ብለው ቅሬታ አቅርበው፣ ብዙም ሳይቆይ የስንብት ደብዳቤ ስለ ደረሳቸው ሰዎች። አብዛኞቹ «ተናገርኩ፣ ተባረርኩ፣ አለቀ» ብለው ቤታቸው ይቀመጣሉ። ጉዳዩ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። በሕጉ ዓይን ያለ በቂ ምክንያት መባረር አንድ ነገር ነው፤ ቅሬታ በማቅረብ ምክንያት መባረር ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ማስረዳት የቻለ ሰው ከችሎት ይዞት የሚወጣው ውሳኔ የተለየ ነው። ልዩነቱን ያላወቀ ሰው ግን ያለውን መብት ሳይጠይቅ ይቀራል።

ሕጉ ምን ይላል?

በግል ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የዚህ አዋጅ አንቀጽ 26 ንዑስ አንቀጽ 2፣ ሠራተኛን ለማሰናበት በምንም ዓይነት ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችን ይዘረዝራል። የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ እርግዝና፣ አካል ጉዳት፣ እነዚህና የመሳሰሉት ተዘርዝረዋል። ከእነዚሁ ጎን፣ እኩል ክብደት ተሰጥቶት፣ ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በፍርድ ቤትም ሆነ በሌላ ቦታ በሚካሄድ ክርክር ተካፋይ መሆኑ ተጽፏል። በሌላ አነጋገር «ስለ ከሰስከኝ አባረርኩህ» ማለት «ስለ አረገዝሽ አባረርኩሽ» ከማለት ጋር በአንድ መዝገብ የተቀመጠ ጥፋት ነው።

ይህ ድንጋጌ አዲስ አይደለም፤ በ1985 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 42ም ነበረ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158ም በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ያስቀምጣል።

የመንግሥት ሠራተኞች ግን የራሳቸው አዋጅ አላቸው፤ ጉዳያቸውም በአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው የሚታየው። የሥራ መሪዎችም በአዋጅ 1156 አይሸፈኑም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በየትኛው ሕግ እንደምትተዳደሩ አረጋግጡ።

ልዩነቱ የት ላይ ነው?

ነገሩን በምሳሌ ልየው። በአንድ የግል ክሊኒክ የምትሠራ የጽዳት ሠራተኛ አለች እንበል። አምስት ዓመት ሠርታለች፤ ደመወዟ በወር 9,000 ብር ነው። ያለ ጓንትና ያለ ቦት ጫማ ቆሻሻ እያነሳን ነው ብላ በጽሑፍ አመለከተች። በሦስተኛው ሳምንት «የሥራ ችሎታሽ አነስተኛ ስለሆነ» የሚል የስንብት ደብዳቤ ተሰጣት።

ይህች ሴት ክስ መሥርታ «ያለ በቂ ምክንያት ተሰናበትኩ» ብቻ ብትል፣ አሠሪው ያሰናበተበትን ምክንያት ማስረዳት ይጠበቅበታል። ካላስረዳ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ በአንቀጽ 43 መሠረት ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ወይም ካሣ ተከፍሏት እንድትሰናበት ሊወስን ይችላል። እሷ መመለስ ብትፈልግ እንኳ፣ ግንኙነታቸው ቢቀጥል ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ ፍርድ ቤቱ ካሣውን ሊመርጥ ይችላል። ካሣው የአማካይ የቀን ደመወዟ 180 እጥፍ ነው። ለስሌት እንዲቀለን ወሩን በ30 ብንከፍለው በቀን 300 ብር፣ በጠቅላላው 54,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የሁለት ወር ደመወዝ ስለሆነ 18,000 ብር ይጨመርላታል።

አሁን ደግሞ «የተሰናበትኩት ቅሬታ በማቅረቤ ነው» ብላ ተከራክራ አስረዳች እንበል። ያኔ አሠሪው ወደ ሥራዋ የመመለስ ግዴታ አለበት። እሷ ራሷ መልቀቅ ከፈለገች ደግሞ ካሣዋን ተቀብላ ትሄዳለች። ወደ ሥራ ከተመለሰች ፍርድ ቤቱ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊወስንላት ይችላል፤ ውሳኔው በይግባኝ ከጸና ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ሊደርስ ይችላል።

አያችሁ? ትልቁ ልዩነት ከብሩ ይልቅ ምርጫው በማን እጅ ነው የሚለው ላይ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የሚመርጠው ዳኛው ነው። በሁለተኛው የምትመርጠው ሠራተኛዋ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ለደረሰ፣ ሌላ ቦታ ለመቀጠር ለሚከብዳት፣ የጡረታ መዋጮዋ እንዳይቋረጥባት ለምትሰጋ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለሽምግልናም ይረዳል። «ገንዘብ ሰጥቼ እገላገላታለሁ» ብሎ የተቀመጠ አሠሪ፣ ብትረታው ተመልሳ በዚያው በር እንደምትገባ ሲያውቅ አነጋገሩ ይለዝባል።

ዳኛው የሚያየው ቀኖችን ነው

ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። «ስለ ተናገርሽ አባርሬሻለሁ» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ አሠሪ የለም። ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ማርፈድ፣ መቅረት፣ አለመታዘዝ ወይም ችሎታ ማነስ ነው። የአለቃን ልብ ከፍቶ ማየት አይቻልም። ቀን ግን ይታያል።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች ይነሳሉ። አንደኛ፣ ያሰናበተው ሰው ቅሬታ መቅረቡን ያውቅ ነበር? ሁለተኛ፣ ከቅሬታው በፊት የሠራተኛው ማኅደር ምን ይመስል ነበር? አምስት ዓመት አንድ ማስጠንቀቂያ ያልነበረበት ማኅደር ከቅሬታው በኋላ በአንድ ወር ውስጥ በሦስት ማስጠንቀቂያ ከተሞላ፣ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ሦስተኛ፣ ያንኑ ጥፋት ያጠፉ ሌሎች ሠራተኞች ምን ተደረጉ? አስር ሰው አርፍዶ የተባረረችው ቅሬታ ያቀረበችው ብቻ ከሆነች ጥያቄ ያስነሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት በቂ የሆነ ጥፋት ቢኖር እንኳ፣ አሠሪው ጥፋቱን ካወቀበት ቀን አንስቶ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተበት መብቱ ቀሪ ይሆናል። ስለዚህ አምና ታልፎ የነበረ ጥፋት ዘንድሮ፣ ከቅሬታው ማግስት፣ ከመሳቢያ ተመዝዞ ሲወጣ ሁለት ነገር ያሳያል፤ ጊዜው ማለፉንና የተፈለገበትን ምክንያት።

ነርስ ሆነን ስንማር ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ በታካሚው ካርድ ላይ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል የሚል ነበር። መድኃኒቱን በእጃችን ሰጥተን ሰዓቱን ካልጻፍን አልሰጠንም ማለት ነው። የሥራ ክርክርም እንደዚያው ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ የለ?

በአንድ የግል ሆስፒታል አብራኝ የሠራች ነርስ ነበረች። በስብሰባ ላይ ተነስታ የትርፍ ሰዓት ክፍያችን የት ደረሰ ብላ ጠየቀች። ሁላችንም በልባችን አጨበጨብንላት። በሚቀጥለው ወር የሌሊት ፈረቃ በላይ በላዩ ተደረደረባት። ከዚያ የማርፈድ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ስንብት ተከተለ። ያን ቀን ስብሰባ ላይ የነበርን ሰዎች ያለችውን ሰምተናል፤ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ግን የእሷን ጥያቄ አልያዘም። የፈረቃ ሰሌዳውም ከግድግዳ ላይ ተነስቶ ተጣለ። ይባስ ብሎ ሽማግሌ ሲላክ፣ «ይጠሩኛል» ብላ ስትጠብቅ፣ አምስት ወር አለፈ። የሕግ ምክር ስትጠይቅ የተነገራት ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ መጠየቂያው ሦስት ወር እንደሆነና እንዳለፈባት ነው። የቀራት የክፍያ ጥያቄ ብቻ ነበር።

ይህንን ታሪክ የምነግራችሁ ለምን እንደሆነ ገብቷችኋል። ቅሬታ ያቀረበ ሰው ያለው ትልቁ ጥቅም ወደ ሥራው መመለስ ነው ብያለሁ። ያንኑ ጥቅም ነው የሦስት ወሩ ይርጋ ቀድሞ የሚበላው።

የአሜሪካው ሠራተኛ ጉዳይ

ከመካከላችን ልጁ፣ እህቱ ወይም የአክስቱ ልጅ አሜሪካ የማትሠራ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በሆስፒታል፣ በመጋዘን ይሠራሉ። በዚያ አገር በአብዛኞቹ ግዛቶች አሠሪ ያለ ምክንያት ሠራተኛ ማሰናበት ይችላል። ይሁን እንጂ መድልዎ ደርሶብኛል ብሎ አቤት ያለን ሰው መበቀል እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የተከለከለ ነው። ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ከቀረቡት አቤቱታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የበቀል እርምጃ የተጠቀሰባቸው ነበሩ።

የሸይላ ዋይት ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በቴነሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ፣ በርሊንግተን ኖርዘርን በተባለ የባቡር ኩባንያ ተቀጥራ ፎርክሊፍት ትነዳ ነበር። በክፍሉ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። የቅርብ አለቃዋ ሴት እዚህ መሥራት የለባትም ይላል ብላ አመለከተች። አለቃው ተቀጣ፤ እሷም ግን ከፎርክሊፍቱ ተነስታ ከባድና ቆሻሻ ወደሆነው የሐዲድ ሥራ ተዛወረች። ለኮሚሽኑ አቤት ካለች በኋላ ደግሞ አልታዘዝሽም ተብላ ያለ ደመወዝ ታገደች። ኩባንያው ራሱ አጣርቶ ጥፋት የለባትም አለና ከ37 ቀን በኋላ ደመወዟን ከፍሎ መለሳት።

በፍርድ ቤት ሁለት ነገር ነበር የጠየቀችው፤ በሴትነቴ ተበድያለሁ፣ በማመልከቴም ተበቅለውኛል። ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች የመጀመሪያውን አልተቀበሏትም። ሁለተኛውን ግን ተቀብለው 43,500 ዶላር ፈረዱላት። ዋናው አቤቱታ ወድቆ የበቀሉ ክስ ቆመ ማለት ነው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2006 ጸናላት። ኩባንያው ደመወዟን በኋላ ከፍለናታል ብሎ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ እሷና ቤተሰቧ ያለ ገቢ፣ መመለሷንም ሳያውቁ የኖሩባቸውን 37 ቀናት አስታወሰ። መለኪያውም፣ የተደረገው ነገር አንድን ጤነኛ ሠራተኛ ከማመልከት የሚያስፈራራ ነው ወይ የሚል ሆነ።

የእኛ ዳኞች በዚያ ውሳኔ አይገደዱም። ግን የነገሩ ባሕርይ አንድ ነው። መድልዎን ማስረዳት የሰው ልብ ውስጥ መግባትን ይጠይቃል። በቀልን ለማስረዳት ግን የሚቆጠሩ ቀኖችና የሚነበቡ ወረቀቶች አሉ።

በዚያ የምትሠሩ ዘመዶች ጊዜውን ተጠንቀቁ። ለኮሚሽኑ ማመልከቻው 180 ቀን ነው፤ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ባለባቸው ግዛቶች እስከ 300 ቀን ይደርሳል። የሥራ ደኅንነት ጉድለት ጠቁሞ የተበቀሉት ሰው ግን በፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት ሕግ ያለው 30 ቀን ብቻ ነው።

«ተበቀሉኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም

አሁን ደግሞ የሳንቲሙን ሌላ ገጽ እንይ። ቅሬታ ማቅረብ ለጥፋት መሸፈኛ አይሆንም። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ፣ በዘጠነኛው ቀን ቅሬታ ጽፎ ቢያስገባ አይድንም። በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ከኔቫዳ በመጣ ጉዳይ፣ ከቅሬታው 20 ወር በኋላ የመጣ እርምጃ በጊዜው ብቻ በቀል ነው ሊባል እንደማይችል፣ አሠሪው አስቀድሞ ያሰበውን ቢፈጽምም በቀል እንዳልሆነ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የቴክሳሱ ሐኪም የናየል ናሳር ጉዳይ ሲታይ፣ ሠራተኛው በቀሉ ባይኖር ኖሮ እርምጃው አይወሰድብኝም ነበር ብሎ ማስረዳት አለበት ተባለ። አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ነበር የተወሰነው።

አቀራረቡም ይወስናል። ጓንት አልተሰጠንም ብሎ በደብዳቤ የጠየቀ ሰው ሕጉ ከጎኑ ነው። ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛ የደበደበና የተሳደበ ሰው ግን በሥራ ቦታ ጠብ ማንሳት ራሱን የቻለ የስንብት ምክንያት ስለሆነ፣ ለአሠሪው ሌላ መሣሪያ አቀበለው ማለት ነው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አንድ። ቅሬታ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀን ይኑረው። ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ በአንደኛው ላይ ተቀባዩ ፈርሞ፣ ካለም መዝገብ ቁጥር ሰጥቶ ይመልስላችሁ። አልፈርምም ካለ ምስክር ባለበት ስጡ ወይም በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት ላኩ።

ሁለት። የፈረቃ ሰሌዳ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የምስጋና ደብዳቤ፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ ሁሉንም ቅጂውን ቤት አስቀምጡ። አዋጁ በአንቀጽ 26 የሚናገረው ስለ ስንብት ነው፤ የፈረቃ መለዋወጥና የክፍል ዝውውር ግን በኋላ ስንብት ቢመጣ የነገሩን አካሄድ ያሳያሉ።

ሦስት። በንዴት «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ። የለቀቀ ሰው ተባረርኩ ለማለት ይቸግረዋል። ባልም ሆነ ሚስት «ውርደት ነው፣ ጥለህ ና» ከማለታችሁ በፊት አንድ ሌሊት እደሩበት።

አራት፤ ይህ የሙያዬ ነው። በሥራ ቦታ የተገፋ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ጨጓራው ይነሳል፣ የደም ግፊት ያለበት ግፊቱ ከፍ ይላል፣ መድኃኒቱንም ይረሳል። ከዚያ አንድ ቀን ሥራ መሄድ ያቅተውና ይተኛል። ቤት መተኛቱ ግን ማስረጃ አይሆንለትም። በጽሑፍ ተጠንቅቆ በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው አምስት ቀን የቀረ ሰው ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ ከታመማችሁ ጤና ተቋም ሂዱ፣ ታከሙ፣ የሕክምና ማስረጃችሁን ይዛችሁ በወቅቱ አስገቡ። ለጤናችሁም ለክርክራችሁም ነው።

አምስት። የስንብት ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን የቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡት። ወደ ሥራ ለመመለስ ሦስት ወር፣ ከስንብቱ ለሚመነጩ ክፍያዎች ስድስት ወር ነው። ሽምግልና መልካም ነው፤ ግን ሽማግሌ እየተመላለሰም ክስ መመሥረት ይቻላል። ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት አይከፍልም፤ የሥራ ክርክር ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል። በውሳኔው ያልተስማማ ወገን ይግባኝ የሚለው በ30 ቀን ውስጥ ነው።

ስድስት። ክሱ ሲጻፍ ቅሬታውና ስንብቱ ተያይዘው ይቅረቡ። ጠበቃውም ሆነ አቤቱታ ጸሐፊው «ያለ አግባብ ተሰናበተ» ብቻ ብሎ እንዳይተወው ተከታተሉ። የቅሬታው ቀንና የስንብቱ ቀን ጎን ለጎን ይጻፉ፤ አንቀጽ 26 ንዑስ አንቀጽ 2ም ይጠቀስ። ዳኛው ያልተጠየቀውን አይፈርድም።

በመጨረሻም ለምስክሮች አንድ ቃል። የባልደረባችሁን እውነት ለመናገር ችሎት መቆም ያስፈራል፤ ነገ የእኔ ተራ ነው ትላላችሁ። በክርክር ተካፋይ መሆን ለስንብት ምክንያት አይሆንም የሚለው ቃል ግን ለእናንተም የቆመ ነው። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ዝም ካለ ቅሬታው የአንድ ሰው ጠብ ይመስላል። ሁለት ሦስት ሰው ያየውን ከተናገረ ግን ጓንቱም ይገዛል፣ ትርፍ ሰዓቱም ይከፈላል።